ሦስት ወደቦችን የሚያገናኝ ኮሪደር፦ ከጭነት ቆጠራ እስከ ብድር ውል

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በክልል ትራንስፖርት ቢሮ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ጅቡቲን፣ የሶማሌላንዷን በርበራንና የኬንያዋን ላሙን በኢትዮጵያ በኩል የሚያስተሳስር የመልቲሞዳል (መርከብን፣ ባቡርንና መኪናን የሚያያይዝ) ኮሪደር ላይ ሐሳብ እንድናቀርብ ታዘናል። ጥናቱ ከየት ይጀምራል? ምን ምን ይለካል? ገንዘቡስ ከማን፣ በምን ዓይነት ውል ቢገኝ ይሻላል?»

ከካርታው አይጀምሩ። ሦስቱ ወደቦች ላይ ነጥብ አድርጎ በመስመር ማያያዝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መስመሩ አንዴ ከተሰመረ ግን ጥናቱ ሁሉ ለመስመሩ ጠበቃ ይቆማል፤ ጭነትም ለመስመሩ ሲባል ይፈለግለታል። መጀመሪያ ጭነቱን ያጥኑ፤ ቀጥሎ ጭነቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍባቸውን ቦታዎች፤ ከዚያ መንገዱንና ሐዲዱን። የብድሩ ዓይነት የሚወሰነው በእነዚህ በሦስቱ ስለሆነ ገንዘቡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቲኢዩ ስል አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ማለቴ ነው፤ ባለ 40 ጫማው 2 ቲኢዩ ይቆጠራል።)

አንድ ነገር ከወዲሁ ይለይ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በየብስ ላሙ የሚወርድ ጭነት የለም፣ አይኖርምም። ያንኑ ኮንቴይነር መርከብ በባሕር ዞሮ እጅግ ባነሰ ዋጋ ያደርሰዋል። ሁለት ባሕሮችን በየብስ ማገናኘት የሚታሰበው መሬቱ ጠባብ ሆኖ የባሕሩን ጉዞ በእጅጉ ሲያሳጥር ብቻ ነው። ሜክሲኮ አገሪቱ በምትጠብበት በቴሁዋንቴፔክ የኮአትሳኮአልኮስንና የሳሊና ክሩስን ወደቦች የሚያገናኘውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ እንደገና ያደሰችው በዚህ ስሌት ነው። እዚያም ቢሆን ሒሳቡ ቀላል አይደለም። 10,000 ቲኢዩ የጫነን አንድ መርከብ ለማዛወር እያንዳንዳቸው 100 ቲኢዩ የሚይዙ 100 ባቡሮች ያስፈልጋሉ፤ በሁለቱም ወደብ ማንሣትና መጫን ስላለ የኮንቴይነሩ የማንሻ ወጪ ይደራረባል። በ1907 የተመረቀው የዚያው ስፍራ ባቡር የፓናማ ቦይ በ1914 ሲከፈት ጭነቱን የተነጠቀውም ሸቀጡን ከመርከብ ሳያወርዱ ማሻገር ስለተቻለ ነው።

ስለዚህ የእርስዎ ኮሪደር ዋጋ ያለው ለአገር ውስጥ አስመጪና ላኪ የወደብ ምርጫ በመስጠቱ ነው። ሦስቱን ወደቦች የሚያስተሳስሩት ድሬዳዋ፣ ሞጆና ሐዋሳ ናቸው። ሐሳቡን በእነዚህ ሦስት የውስጥ ማዕከላት ዙሪያ ቢያዋቅሩት ጥናቱም ገንዘቡም መልክ ይይዛል።

ጭነቱን መቁጠር

ከጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቢያንስ የአምስት ዓመት መረጃ ይውሰዱ፦ የዕቃው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ የገባበት ኬላ፣ የተራገፈበት ከተማ፣ ወሩ። ይህን ከወደብ ማኒፌስት (የመርከቡ ጭነት ዝርዝር) እና ከሚዛን ጣቢያ መዝገብ ጋር ያስተያዩት፤ ሦስቱ አይገጥሙም፤ የማይገጥሙበትን ምክንያት ማወቅ ራሱ ግማሽ ጥናት ነው። ዲክላራሲዮን የሚያሳየው የአስመጪውን አድራሻ እንጂ ዕቃው የደረሰበትን መጋዘን ስላልሆነ አብዛኛው ጭነት «አዲስ አበባ» ተብሎ ይመዘገባል። ያንን ለማስተካከል በዋና ዋና ኬላዎች ላይ ለ7 ተከታታይ ቀናት፣ ቀንና ሌሊት፣ የአሽከርካሪ ቃለ መጠይቅ ያስፈልጋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በማዳበሪያ ወቅት፣ ሌላው በቡና ወቅት።

ጭነቱን በአምስት ይክፈሉት፦ ኮንቴይነር፣ ብትን ጭነት (ስንዴና ማዳበሪያ)፣ ነዳጅ፣ ብረታ ብረትና ማሽነሪ፣ የቁም እንስሳት። የሚፈልጉት መሣሪያ የተለያየ ስለሆነ ደምሮ «ይህን ያህል ሚሊዮን ቶን» ማለት ለዕቅድ አይጠቅምም። ማዳበሪያ ዓመቱን ሙሉ አይመጣም፤ በጥቂት ወራት ተጭኖ ይመጣና የወደቡን ማሸጊያ፣ የጭነት መኪናውንና የባቡሩን ዋገን ሁሉ አንድ ጊዜ ይሻማል። አማካይ ጭነትን ይዞ የታቀደ ተርሚናል በእነዚያ ወራት ይጨናነቃል፣ በቀሩት ወራት ባዶውን ይውላል።

ከሁሉ በላይ አቅጣጫውን ለዩ። ኢትዮጵያ በክብደትም በኮንቴይነር ቁጥርም የምታስገባው ከምታስወጣው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አብዛኛው ኮንቴይነር ባዶውን ይመለሳል፤ ለባዶ ጉዞ ደግሞ የሚከፍለው ሙሉውን ያስመጣው ሰው ነው። የመልስ ጭነት መጠን በኮሪደሩ ሒሳብ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ወሳኙ ነው፤ ከታች በብድሩ ሒሳብ ላይ እንመለስበታለን።

ከዚያ እያንዳንዱ ወረዳ የትኛውን ወደብ ቢጠቀም እንደሚረክስ ይሰላል። የሚደመሩት የማጓጓዣ ዋጋ፣ የወደብ ክፍያ፣ የጉምሩክና የትራንዚት ወጪ፣ እንዲሁም ጊዜ ናቸው። ጊዜን በገንዘብ መተመን ቀላል ነው፦ 40,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ የያዘ ኮንቴይነር፣ የገንዘቡ ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን፣ በቀን ወደ 16 ዶላር ይበላል። አሥር ቀን መዘግየት 160 ዶላር ነው፤ የመርከብ ድርጅቱ የነጻ ቀናት ካለፉ የሚታሰበው ዲመሬጅ ሲጨመር ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከአማካይ ቀኑ ይልቅ መለዋወጡ ይጎዳል። አንዴ በ6 ቀን አንዴ በ25 ቀን የሚደርስበት ነጋዴ ለ25 ቀን የሚበቃ ክምችት ለመያዝ ይገደዳል።

ይህ ስሌት ሲሠራ የሚታየው ሥዕል በግምት እንዲህ ነው። መሐልና ሰሜኑ የጅቡቲ ነው። ጅግጅጋ፣ ሐረርና ድሬዳዋ ለበርበራ ይቀርባሉ። ቦረና፣ ጌዴኦና ሲዳማ ደግሞ ወደ ደቡብ ሊመለከቱ ይችላሉ፤ የላሙ ርቀት ግን ያስፈራል። ከላሙ ሞያሌ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሞያሌ ሐዋሳ ሌላ 500 ገደማ ነው። ከላሙ እስከ ኢሲዮሎ ያለው መንገድ በጸጥታ ችግር የሚታወቅ ሲሆን ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ግን በጥሩ አስፋልት ተሠርቷል። ላሙ በ2012 የሦስት አገራት መሪዎች በተገኙበት ሲጀመር 32 የመርከብ ማቆሚያዎች ታቅደውለት ነበር፤ የመጀመሪያው ሥራ የጀመረው በ2021 ነው። በዕቅዱ ሰነድ ላይ ላሙን የመጀመሪያው ምዕራፍ አካል አድርጎ ማቅረብ አልመክርም። ቦታውን ይያዙለት፣ ገንዘብ ግን አይመድቡለት።

በርበራ ሌላ ነገር ነው። በ2021 የተመረቀው የኮንቴይነር ተርሚናል 400 ሜትር የመርከብ ማቆሚያና 17 ሜትር ጥልቀት አለው፤ በዓመት 500,000 ቲኢዩ የማስተናገድ አቅም ተሰጥቶታል። እስከ ድንበር ከተማው ቶጎ ውጫሌ ያለው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከአቡዳቢ የልማት ፈንድና ከብሪታንያ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቷል። ጉድለቱ በእኛ በኩል ነው። ከጅግጅጋ ድሬዳዋ ሐዲድ የለም፤ የጫነ ተሳቢ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ የደንገጎን ቁልቁለት በፍሬን ነው የሚወርደው። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ የጭነት መስመር ማቀድ ማለት የማምለጫ መወጣጫ፣ ተጨማሪ የዝግታ መስመርና የፍሬን መፈተሻ ማቆሚያ ማቀድ ማለት ነው። ይህ በዝርዝር ዲዛይን ላይ ከሚታወስ በቅድመ አዋጭነት ጥናቱ ይካተት።

ጭነት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ

ኮሪደር የሚታነቀው በመጋጠሚያው ነው። ሐዲዱ ላይ ቁጥሩን እንሥራው። በነጠላ መስመር ላይ ሁለት ባቡሮች በሚተላለፉባቸው ጣቢያዎች መካከል ያለው ረጅሙ ክፍል 20 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲኬድ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ለምልክትና ለመተላለፍ 5 ደቂቃ ይጨመር። ቀኑ 1,440 ደቂቃ ነው፤ ለ25 ሲካፈል 57 ባቡር ይወጣል። ለጥገናና ለመዘግየት 30 በመቶ ሲቀነስ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 40፣ ማለትም 20 ደርሶ መልስ ይቀራል።

አሁን ተርሚናሉን ይመልከቱ። ባቡሩ 50 ጠፍጣፋ ዋገን ቢኖረው 100 ቲኢዩ ይዞ ይገባል፣ 100 ይዞ ይወጣል፤ ባለ 20 ጫማ ቢሆኑ 200 ማንሣት ነው። ሁለት ሪችስታከሮች (ኮንቴይነር የሚያነሡ ተሽከርካሪዎች) እያንዳንዳቸው በሰዓት 15 ጊዜ ቢያነሡ በሰዓት 30 ይሆናል፤ ባቡሩ ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ይቆማል። ማስገቢያና ማስወጫ ሲታከል አንድ የመጫኛ ሐዲድ በቀን ከ3 ባቡር በላይ አያስተናግድም። 20 ደርሶ መልስ የሚችል ሐዲድ ላይ 3 የሚችል ተርሚናል ከተገጠመ የኮሪደሩ አቅም 3 ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር የሐዲድ ብድር ላይ ወለድ እየተከፈለ፣ ለሁለት ተጨማሪ የመጫኛ ሐዲድና ለአራት ማንሻ የሚሆነው ጥቂት ሚሊዮን አለመታሰቡ በብዙ አገር የታየ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የዋገን ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለውን 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነማቆሚያው በሰዓት 45 ብንሄድ ወደ 17 ሰዓት፣ ደርሶ መልስ 34፤ በሁለቱ ጫፍ 8፣ 8 ሰዓት ማራገፊያና መጫኛ፤ ለመጠባበቅ አንድ ቀን ያህል ሲጨመር ዑደቱ 3 ቀን ይሆናል። በቀን 5 ባቡር ለማስኬድ 15 ሙሉ የባቡር ጥንቅር፣ 750 ዋገን፣ ከ10 በመቶ መጠባበቂያ ጋር 825 ዋገን ያስፈልጋል። ጉምሩክ ወይም ወደቡ ሁለት ቀን ቢጨምርበት ዑደቱ 5 ቀን ይሆንና ለዚያው ጭነት ከ1,370 በላይ ዋገን ይጠየቃል። የወረቀት መዘግየት ዋገን ያስገዛል የሚባለው ለዚህ ነው። የመተላለፊያ ጣቢያዎቹ ርዝመትም አብሮ ይታይ፦ 50 ዋገን በ14 ሜትር 700 ሜትር ነው፣ ሎኮሞቲቮች ሲታከሉ ከ750 ያልፋል፤ 850 ሜትር ጥቅም ላይ የሚውል ርዝመት የሌለው ጣቢያ ባቡሩን ያሳጥርብዎታል።

የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ራሱ ብዙ ያስተምራል። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ከዚያ ነጠላ ነው፤ በጥቅምት 2016 ተመርቆ በጥር 2018 የንግድ አገልግሎት ጀመረ። ሥራ ሲጀምር ከደረቅ ወደቦችና ከኢንዱስትሪ ፓርኮች ጋር የሚያገናኙት የመጨረሻ ኪሎ ሜትሮች አልተሟሉም ነበር። የነዳጅ ማከማቻዎቹም ከሐዲዱ ጋር ስላልተያያዙ ነዳጁ ለዓመታት በቦቴ መጓዙን ቀጠለ፤ ባቡሩ ሁነኛና ቋሚ ደንበኛውን አጣ ማለት ነው። ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ባቡሩ ይቆማል። በአፋርና በሶማሌ ደግሞ ግመልና ከብት ሐዲዱን ማቋረጡ አይቀርም፤ የእንስሳት ማሳለፊያው ከውኃ መውረጃ ቱቦ ጋር ተደርቦ «በቂ ነው» ሲባል ግጭትና የካሳ ክርክር ይከተላል። ማሳለፊያው የት ይሁን የሚለውን አርብቶ አደሩን በበጋም በክረምትም መንገዱ ላይ ጠይቆ መወሰን ነው።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልዲያ የሚሄደው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመርም እዚህ ይነሣ። እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተነጥፎ ሳለ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ አብሮ ስላልደረሰ ባቡር ሳይሄድበት ለዓመታት ቆሟል። የማስተላለፊያ መስመርና የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በሌላ በጀት የሚሠራ ሲሆን ሁለቱ ውሎች አንድ የማጠናቀቂያ ቀን እንዲኖራቸው ማሰር ግድ ነው።

መንገዱን ባጭሩ ልለፈው፣ አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። የአክስል ጭነት ጉዳት በአራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። 20 በመቶ ትርፍ የጫነ አክስል መንገዱን በእጥፍ ይጎዳል፤ 50 በመቶ የጫነው በአምስት እጥፍ። ለ20 ዓመት የተሠራ አስፋልት በ6 እና በ7 ዓመት የሚያልቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ሚዛኑ መሐል መንገድ ላይ ሳይሆን መጫኛው በር ላይ፣ በወደቡና በደረቅ ወደቡ መውጫ ይሁን፤ እዚያ የተገኘ ትርፍ ጭነት ወዲያው ይወርዳል፣ በረሃ ላይ የተገኘው ግን የት ይራገፋል?

ሰነዱም ሐዲድ ነው

በመልቲሞዳል ሥርዓት አንድ ኦፕሬተር ከመጫኛው ወደብ እስከ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ በአንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የጭነት ማጓጓዣ ሰነድ) ኃላፊ ነው። በዩኒሞዳል አስመጪው ጅቡቲ ላይ ይረከብና ቀሪውን በትራንዚተሩና በራሱ መኪና ይወጣዋል። መልቲሞዳሉ ለረጅም ጊዜ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ለግል ኦፕሬተሮችም ፈቃድ ተሰጥቷል።

የሦስት ወደብ ምርጫ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይፈተናል። ጅቡቲ ሲጨናነቅ ነጋዴው በርበራ ላይ ላራግፍ ቢል፣ ኤልሲው (ባንክ ለሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) የማራገፊያውን ወደብ በስም ጠቅሷል፤ ማሻሻያ ባንክ ይጠይቃል፣ ኢንሹራንሱ ይለወጣል፣ የትራንዚት ዋስትናውም ለሌላ አገር እንደገና ይገባል። በዚህ መካከል መርከቡ ያልፋል። ስለዚህ በኤልሲ ላይ ሁለት አማራጭ ወደብ እንዲጻፍ የሚፈቅድ የባንክ መመሪያ፣ በሁለቱም መስመር የሚሠራ አንድ የትራንዚት ዋስትናና ኮንቴይነሩን በሁለቱም አገር የሚከታተል አንድ የኤሌክትሮኒክ ማኅተም ከሐዲድ ያላነሰ የኮሪደሩ መሠረት ናቸው። ዋጋቸውም ከሁሉ ትንሽ ነው።

ሌላው ባዶ ኮንቴይነር ነው። የመርከብ ድርጅቱ ጅቡቲ ላይ መልስልኝ ካለ፣ በርበራ በኩል የሚወጣ ላኪ ያንን ኮንቴይነር ሊሞላው አይችልም። ቢያንስ ሁለት ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች በድሬዳዋና በሞጆ ባዶ የሚረከቡበት ግቢ እንዲከፍቱ የሚያስችል ስምምነት ሳይያዝ የመልስ ጭነት ትንበያ አይጻፍ። በሞያሌ በኩል ደግሞ የመኪናው ነገር አለ። ኬንያ በግራ ትነዳለች፣ እኛ በቀኝ፤ የአክስል ገደቡም የጭነት ርዝመቱም ይለያያል። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ የሦስተኛ ወገን መድኑን ይፈታል፣ ሌላው በሁለትዮሽ ስምምነት ነው የሚፈታው። ካልሆነም ኬላው ላይ ተሳቢውን ብቻ የሚቀያይር ግቢ ይታቀድ።

ገንዘቡ

አበዳሪ ከመፈለግዎ በፊት ይህን ሒሳብ በራስዎ ይሥሩ። በቀን 5 ባቡር፣ በአንዱ 100 ቲኢዩ፣ በዓመት 300 ቀን፤ 150,000 ሙሉ ኮንቴይነር ወደ ውስጥ ይገባል። ለግንባታው 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደርን እንበል።

በ6 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ለመክፈል በዓመት 136 ሚሊዮን ዶላር ይጠየቃል፤ በአንድ ኮንቴይነር ላይ 906 ዶላር ያርፋል። ጊዜው ወደ 15 ዓመት ቢረዝም 103 ሚሊዮን፣ በኮንቴይነር 686 ዶላር። በ2 በመቶ ለ30 ዓመት ከሆነ ግን 45 ሚሊዮን አይሞላም፤ በኮንቴይነር 298 ዶላር ገደማ ነው። ይህ ገና የሎኮሞቲቭ፣ የኤሌክትሪክ፣ የሠራተኛና የጥገና ወጪ ሳይነካ ነው። ሐዲዱ ያው ነው፣ ጭነቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የብድሩ ውል ብቻ ነው። አሁን ወደ መልስ ጭነቱ እንመለስ። ከሚመለሱት ኮንቴይነሮች ግማሾቹ ከፋይ ጭነት ቢኖራቸው ሸክሙ ለ225,000 ይካፈላልና የ15 ዓመቱ 686 ዶላር ወደ 458 ይወርዳል። አንድ የቡናና የሰሊጥ ማከማቻ ከሐዲዱ ጎን መሥራት የብድር ድርድር ያህል ዋጋ አለው።

ቀጥሎ ምንዛሪው አለ። ገቢው በብር፣ ዕዳው በዶላር ከሆነ ታሪፉ የምንዛሪ ታሪፍ ነው። በሐምሌ 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። 686 ዶላሩ በ57 ሲባዛ 39,000 ብር ነው፤ ምንዛሪው በእጥፍ ሲሆን 78,000 ብር። የትኛውም የጭነት ትንበያ ይህን አይቋቋምም። መድኃኒቱ ከዓለም አቀፍ ጭነት የሚሰበሰበው ታሪፍ በከፊል በዶላር እንዲሆንና ያ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ገብቶ አስቀድሞ ለዕዳው እንዲውል በውል ማሰር ነው። አበዳሪዎች ከወጪ ቀሪ ገቢው ከዓመቱ የዕዳ ክፍያ ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲበልጥ ይፈልጋሉ፤ ይህን በአማካዩ ዓመት ሳይሆን በመጥፎው ዓመት ያሳዩ።

የጅቡቲው ባቡር የኢትዮጵያ ክፍል ወጪ ወደ 70 በመቶ የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ሲሆን ጭነቱ ገና ሳይደላደል የመክፈያው ጊዜ ደረሰ። በ2018 የመክፈያ ጊዜው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት የተደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዲድ ጭነቱን ለመገንባት ከ5 እስከ 8 ዓመት ይፈልጋል። የእፎይታ ጊዜው ከግንባታው ማብቂያ አንሥቶ ይህን መሸፈን አለበት፤ ብድሩ ከተፈረመበት ቀን የሚቆጠር እፎይታ ግንባታው ሲዘገይ ተበልቶ ያልቃል።

አሁን ባለንበት ሁኔታ ደግሞ የንግድ ብድር በሩ ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ በ2021 በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠይቃለች፣ በታኅሣሥ 2023 የዩሮቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በዓለም የገንዘብ ድርጅት መርሐ ግብር ውስጥ ናት። መርሐ ግብሩ ከ35 በመቶ በታች የስጦታ ይዘት (ወለዱ በመርከሱና ጊዜው በመርዘሙ እንደ ስጦታ የሚቆጠር ድርሻ) ያለውን ብድር በጥብቅ ይገድባል። የመንግሥት ዋስትናም በዚያው ገደብ ውስጥ ይቆጠራል። «መንግሥት ዋስ ይሆናል» ብሎ የሚጀምር የገንዘብ ምዕራፍ በገንዘብ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳምንት አይቆይም።

የሚሠራው አካሄድ ገንዘቡን በንብርብር መክፈል ነው፤ እያንዳንዱን ክፍል ከሚያስገባው ገቢ ጋር ለሚስማማ ከፋይ መስጠት። ጥናቱ በስጦታ ይሁን፤ በአፍሪካ ልማት ባንክ ሥር ያለው የኔፓድ የመሠረተ ልማት ፕሮጀክት ዝግጅት ፈንድ ለዚህ የተቋቋመ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ከ3 እስከ 10 በመቶ ለዝግጅት ይያዝ፤ እዚህ ላይ የተቆጠበ ገንዘብ በኋላ በኮንትራክተር የካሳ ጥያቄ ይወጣል። መንገዱ፣ ኬላውና የጉምሩክ ሥርዓቱ ቀጥተኛ ገቢ ስለሌላቸው ከዓለም ባንክና ከአፍሪካ ልማት ባንክ የዕርዳታና የረጅም ጊዜ መስኮት ይጠየቅላቸው፤ የዓለም ባንክ በ2023 ለሚኤሶ ድሬዳዋ የፍጥነት መንገድና ተያያዥ ሥራዎች 730 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ማጽደቁ በሩ ክፍት መሆኑን ያሳያል። ደረቅ ወደቡና ተርሚናሉ በክፍያ የሚኖሩ ስለሆኑ በመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለግል ኦፕሬተር ይሰጡ። ዋገንና ሎኮሞቲቭ ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሆኑ በሊዝ ይገኛሉ። ሐዲዱ ራሱ ግን ከታሪፍ ወጪውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ የመንግሥት ንብረት ሆኖ በረጅምና በርካሽ ብድር ይሠራ፣ ኦፕሬተሩ የመጠቀሚያ ኪራይ ይክፈል።

የተለያዩ አበዳሪዎችን አንድ መስመር ላይ ማሰለፍ የራሱ ጣጣ አለው። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የሞጆ ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ ለአራት ተከፍሎ፣ ሞጆ መቂ በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ መቂ ዝዋይ በኮሪያ፣ ዝዋይ አርሲ ነገሌ በዓለም ባንክ፣ አርሲ ነገሌ ሐዋሳ በቻይና ኤግዚም ባንክ ተያዘ። አራት የግዥ ሕግ፣ አራት የማኅበራዊ ጉዳት መመሪያ፣ አራት የወሰን ማስከበር መርሐ ግብር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀድመው ሲከፈቱ የቀሩት ወደ ኋላ ቀሩ፤ የጭነት መኪናው ጥቅም ግን ሙሉው ሲገናኝ ነው የሚመጣው። አበዳሪዎችን መክፈል ካስፈለገ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሥራ ዓይነት ይክፈሏቸው፤ አንዱ መንገዱን፣ አንዱ ኬላውን፣ አንዱ ተርሚናሉን።

ከሌሎች ሦስት ልምዶች ይውሰዱ። የማፑቶ ኮሪደር የክፍያ መንገድ በ1997 ለ30 ዓመት ለግል ኩባንያ ሲሰጥ ደቡብ አፍሪካና ሞዛምቢክ ዕዳውን በጋራ ዋስ ሆኑ፤ ትራፊክ በበዛበት በደቡብ አፍሪካ በኩል የሚሰበሰበው ክፍያ የሞዛምቢክን ክፍል ደገፈ። በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ መካከል ላለው ቀጭን ትራፊክ ተመሳሳይ መደጋገፍ ያስፈልጋል። በአንጎላ የሎቢቶ መስመር ለትራፊጉራ፣ ለሞታ ኤንጂልና ለቬክቱሪስ ጥምረት በ30 ዓመት ኮንሴሽን (የማስተዳደር መብት ውል) የተሰጠው ነባር ሐዲድ ላይ፣ የሚታወቅ የመዳብ ጭነት ይዞ ነው፤ 553 ሚሊዮን ዶላሩ የአሜሪካ የልማት ፋይናንስ ብድር የመጣው ጭነቱ ስለታወቀ ነው። ኬንያ ደግሞ በ2013 በገቢ ዕቃ ላይ 1.5 በመቶ የባቡር ልማት ቀረጥ ጥላ ለሞምባሳ ናይሮቢ ሐዲድ መክፈያ አቆመች፤ የወደቡ ባለሥልጣን የተወሰነ ጭነት ለባቡሩ እንዲሰጥ በውል መታሰሩም ገቢውን አረጋገጠ። ነጋዴዎች ግን በግድ ባቡር ላይ መጫናቸው ወጪ ጨምሮብናል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ቀረጥ ገቢን ያረጋግጣል፣ የተርሚናሉን መጨናነቅ ግን አያስቀረውም።

የሕግ አደጋውን አትዝለሉ። ጅቡቲ በየካቲት 2018 የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል ከዱባዩ የወደብ ኩባንያ ከዲፒ ወርልድ እጅ ወስዳ ክርክሩ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ዘንድ ለዓመታት ቆይቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንድትይዝ ተስማምታ የነበረ ቢሆንም ሁኔታዎቹ ሳይሟሉ ቀርተው ድርሻው በ2022 እንደቀረ ሶማሌላንድ አስታውቃለች። አበዳሪ ስለ በርበራ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ዋስትናውን የሚፈርመው ማን ነው የሚል ነው፤ የዕውቅናው ጉዳይ በብዙ አበዳሪ ተቋማት ሕግ ውስጥ ቀጥታ እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ በበርበራ መስመር ላይ ከድንበር ወዲህ ያለውን ብቻ፣ ለአገር ውስጥ ትራፊክም የሚጠቅመውን ጅግጅጋ ድሬዳዋን፣ በራሱ የቆመ ፕሮጀክት አድርገው ያቅርቡት። ከድንበሩ ማዶ የሚሆነው ቢዘገይም ያ መንገድ ዋጋውን አያጣም።

ለቢሮዎ ሰነድ እንግዲህ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ለጭነት ቆጠራውና ለቅድመ አዋጭነቱ ይስጡ። በዚያው ጊዜ የኤልሲና የትራንዚት ዋስትናው ማሻሻያ ከብሔራዊ ባንክና ከጉምሩክ ኮሚሽን ጋር ይጀመር፤ ግንባታ አይፈልግም። ከዚያ በድሬዳዋና በሞጆ የመጫኛ ሐዲድና የባዶ ኮንቴይነር ግቢ፣ ባለው ሐዲድ ላይ። ሦስተኛው የደንገጎ መሻሻል ያለበት የጅግጅጋ ድሬዳዋ መንገድ ነው። የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ጥናቱ ከዲዛይኑ ጋር ጎን ለጎን ይሂድ፤ የወሰን ማስከበር ካሳው ደግሞ ኮንትራክተር ከመቀጠሩ በፊት በጀት ተይዞለት ይከፈል፤ ቦታ ሳይረከብ የገባ ኮንትራክተር ለቆመበት ቀን ሁሉ ያስከፍላል። አዲስ ሐዲድ ወደ በርበራም ሆነ ወደ ሞያሌ የሚታሰበው በእነዚህ መስመሮች በመኪና የሚያልፈው ጭነት በቀን ቢያንስ ሁለትና ሦስት ባቡር የሚሞላ መሆኑ ለተከታታይ ሦስት ዓመት ሲቆጠር ነው፤ የቆጠራው ሠንጠረዥም በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይቀመጥ።